ከኩላብ እስከ ፊሸር፤ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ስለ ግድግዳ መስቀያ ንግድ

በሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ከሚገኙት ጥቃቅን ዕቃዎች መካከል በዋጋው አነስተኛ፣ በሚያስከትለው ክርክር ግን ከባድ የሆነ አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም ቪቴ በግድግዳ ውስጥ ጸንቶ እንዲቀመጥ የሚያደርገው፣ በተለምዶ ፊሸር የሚባለው መያዣ ነው። ደንበኛው በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ወደ ሱቅ ገብቶ «ፊሸር ስጠኝ» ይላል፤ ባለሱቁም ለእጁ የቀረበውን ከረጢት አንሥቶ ቈጥሮ ይሰጠዋል። የአንዱ ዋጋ ጥቂት ስለ ሆነ ሻጩም ገዢውም ብዙ ጥያቄ አያነሡም። ይሁን እንጂ በዚያ ትንሽ ዕቃ ላይ የሚንጠለጠለው ነገር ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነው፤ ቴሌቪዥን፣ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን፣ ትልቅ መስተዋት፣ ወይም የመድኀኒት መደርደሪያ ሊሆን ይችላል። የተሰቀለው በወደቀ ጊዜ የሚጠፋው የፊሸሩ ዋጋ ሳይሆን የዕቃው ዋጋ ነው፤ ከሥሩ ሕፃን ተኝቶ እንደ ሆነ ደግሞ ጉዳቱ በብር የሚመለስ አይሆንም። ባለንብረቱም በማግሥቱ የሚመጣው ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ ባለሱቁ ነው።

የክርክሩ ሁሉ ሥር፣ ፊሸር የሚለው አንድ ስም ጠባያቸው ለማይገናኝ ልዩ ልዩ ዕቃዎች መጠሪያ መሆኑ ነው። አንደኛው በድንጋይ፣ በአርማታና በጡብ ውስጥ በትራፓኖ በተበጀ ቀዳዳ ገብቶ የሚሰፋው የናይሎን ፊሸር ነው። ሌላው ለጂፕሰም ቦርድ ብቻ ታስቦ የተሠራው፣ ጫፉ ሹል፣ ጥርሱ ሰፊና ጥልቅ ሆኖ ቀዳዳ ሳይበጅለት ራሱ እየበሳ የሚገባው ነው። ይህ ሁለተኛው፣ ከዚህ በኋላ የጂፕሰም ፊሸር የምንለው፣ ትራፓኖም ኤሌክትሪክም ሳይፈልግ በካቻቢቴ ብቻ ስለሚተከል፣ ትራፓኖ በየቤቱ በማይገኝበት አገር ለገዢ ሁሉ እጅግ የተመቸ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የተሠራው ለአንድ ዓይነት ግድግዳ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ ያለው ግድግዳ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ ዓይነት አይደለም።

የመንዝ ሰው ግድግዳውን ያቆመው ብርዱንና የእንጨቱን ማነስ ተመልክቶ ነው። አገሩ ከፍታው ብዙ፣ ዛፉ ጥቂት፣ ድንጋዩ ግን የተትረፈረፈ ስለ ሆነ ቤቱ ከጥንት ጀምሮ በድንጋይ ካብ፣ ድንጋዩም በጭቃ እየተያያዘ ይሠራል፤ ጣራው በጓሳ ሣር ይከደናል። ሣሩ የሚታጨድበት የጓሳ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቀሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የኖረ ነው። ከዚያው ሣር ገመድ ይገመዳል። ቆርቆሮ ጓሳውን በብዙ ስፍራ ተክቶታል፤ የድንጋዩ ግድግዳ ግን በያለበት ቆሞ አለ።

በዚያ ግድግዳ ላይ ዕቃ የሚሰቀለው በኩላብ ነበር። የተጠረበ ጠንካራ እንጨት ወይም የከብት ቀንድ ካቡ በሚነሣበት ጊዜ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከበላዩ የሚነባበረው ድንጋይ በክብደቱ ተጭኖ ይይዘዋል። ኩላቡ የሚሸከመው ዕቃ ቀላል አልነበረም፤ ኮርቻ፣ ጋሻ፣ ጠመንጃ፣ ስንቅ የሞላ አገልግል ይንጠለጠልበት ነበር። በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማትም የብራና መጻሕፍት በቈዳ ማኅደራቸው ሆነው በጠፍራቸው ከኩላብ ላይ ይሰቀላሉ፤ ይህም ከምስጥ፣ ከአይጥና ከወለል እርጥበት ይጠብቃቸዋል። የብራና መጽሐፍ ክብደቱን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ የመስቀያ ዘዴ ምን ያህል የታመነ እንደ ነበረ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ይህ የሚነገረው ለወግ ያህል አይደለም። ኩላብ ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚወለድ ነው፤ ፊሸር ግን ግድግዳው ካለቀ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ነው። እንግዳው የሚቀመጥበትን ቤት ጠባይ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ይወጣል። የፊሸር ልዩ ልዩነት ሁሉ የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

ዘዴውን በመጀመሪያ ለገበያ ያበቃው ጆን ጆሴፍ ሮውሊንግስ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 በሎንዶን በሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ግድግዳው ሳይጐዳ እንዲተከል በተፈለገ ጊዜ፣ የቃጫ ክር በሙጫና በእንስሳ ደም አጠንክሮ በትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ መያዣ አበጀ። ቪቴው ሲገባበት ቃጫው እየሰፋ የቀዳዳውን ዙሪያ ይገፋል፤ በመግፋቱም ይጸናል። ከዚያ በፊት ግንበኞች ግድግዳውን በመሮ ፈልፍለው የእንጨት ሽብልቅ ይመቱበት ነበር፤ ይህም ከመንዙ ኩላብ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ለማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ ከናይሎን የሚሠራውን መያዣ አወጣ። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ተወልዶ በ2016 ያረፈ፣ በሕይወቱ ከ1,100 በላይ የፈጠራ ባለመብትነት ያስመዘገበ ሰው ነው። የኢትዮጵያ አናጢና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ካቻቢቴን፣ ፑንታንና ሞራሌን ከጣልያንኛ እንደ ወረሰ ሁሉ፣ ይህን ዕቃ ደግሞ በጀርመናዊው የቤተሰብ ስም ይጠራዋል። ስሙ ከዋናው ፋብሪካ ወጥቶ ማንም የሠራው መያዣ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ስለዚህ ፊሸር ብሎ መጠየቅ የፋብሪካውንም የዓይነቱንም መልስ አያስገኝም።

የናይሎን ፊሸር የሚሠራው በመግፋት ስለ ሆነ በዙሪያው የሚገፋው ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። ጂፕሰም ቦርድ ይህ የለውም። ቦርዱ፣ አውጉስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1894 በባለመብትነት ካስመዘገበው አሠራር የመጣ ሲሆን፣ በሁለት ወረቀት መካከል የተጋገረ ጀሶ ማለት ነው። ለግድግዳ የሚውለው ውፍረቱ በብዛት 12.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከብረት ወይም ከእንጨት በተሠሩና 40 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ ቋሚዎች ላይ በቪቴ ይመታል። በቋሚና በቋሚ መካከል ከቦርዱ ኋላ ያለው አየር ብቻ ነው። ተራውን ፊሸር ቀዳዳ አበጅቶ የሚያስገባበት ሰው ጀሶውን ያደቅቀዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ፊሸሩን ከነቪቴው በጣቱ ጐትቶ ያወጣዋል።

የጂፕሰም ፊሸር ይህን ችግር የሚፈታው በመግፋት ፈንታ በስፋት ነው። ሰፊው ጥርሱ በጀሶው ውስጥ የራሱን መንገድ እየቈረጠ ይገባና ክብደቱን በቦርዱ ውፍረት ሁሉ ላይ ያከፋፍለዋል። አተካከሉም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በታሰበው ስፍራ ላይ በሚስማር ጫፍ ምልክት ይደረጋል። ከዚያም ፊሸሩ ራሱ መስቀልኛ በሆነ ካቻቢቴ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቀጥ ብሎ ተይዞ፣ እየተጫኑት በዝግታ ይዞራል፤ በመዶሻ አይመታም። ወረቀቱን ከበሳ በኋላ ያለብዙ ጕልበት ይገባል። አናቱ ከቦርዱ ፊት ጋር እኩል የሆነ እንደ ሆነ ማቆም ይገባል፤ አንድ ዙር መጨመር የተቈረጠውን የጀሶ ጥርስ አድቅቆ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋልና። በስተመጨረሻ የሚሰቀለው ዕቃ ቪቴ በፊሸሩ ውስጥ ይገባል። የቪቴውም ርዝመት የሚሰቀለውን ዕቃ ውፍረት ጨምሮ መታሰብ አለበት።

ሲተከል በመካከል እንቢ ብሎ በስፍራው የዞረ እንደ ሆነ ከኋላው ቋሚ አግኝቷል ማለት ነው፤ ይህም እንደ ዕድል እንጂ እንደ ችግር የሚቈጠር አይደለም። ፊሸሩን አውጥቶ ለብረቱ ወይም ለእንጨቱ የሚስማማ ቪቴ በቀጥታ መምታት ከማናቸውም ፊሸር የበለጠ ይይዛል። አንድ ጊዜ ተተክሎ የወጣ ፊሸር ግን ሰፊ ቀዳዳ ትቶ ስለሚሄድ፣ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ አይገባም፤ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል።

የክብደቱ ነገር ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚጠይቅ ነው። በአሜሪካ ገበያ ልማድ በተዘጋጁ ከረጢቶች ላይ 50 ወይም 75 የሚል ቍጥር በጕልህ ተጽፎ ይታያል። ቍጥሩ ኪሎ ሳይሆን ፓውንድ ነው፤ 50 ፓውንድ ወደ 22.7 ኪሎ፣ 75 ፓውንድ ደግሞ ወደ 34 ኪሎ ይሆናል። ይህን ሳያስተውል «50 ኪሎ ይሸከማል» ብሎ የሸጠ ነጋዴ ከእጥፍ በላይ ዋሽቷል፤ ባያውቀውም እንኳ ዕቃው ከመውደቅ አይመለስም። ከዚህም በላይ በብዙ ከረጢቶች ላይ የሚጻፈው ፊሸሩ በሙከራ ቦታ ተስቦ ያቃተበት መጠን ነው። በጥንቃቄ የሚሠሩ ሰዎች የዚያን አንድ አራተኛ ብቻ ይወስዳሉ። 50 ፓውንድ የተጻፈበት ፊሸር እንግዲህ በዚህ ስሌት ከ5.7 ኪሎ በላይ ሊታመን አይገባውም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ግን የተቀነሰውን መጠን ራሱን ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ከቍጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ ነው።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ክብደቱ ወደ የት እንደሚስብ ነው። ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ የተሰቀለ ሥዕል ፊሸሩን የሚስበው ወደ ታች ነው፤ ይህንን ቦርዱ በደኅና ይችለዋል። ከግድግዳው ራቅ ብሎ የወጣ ዕቃ ግን የላይኛውን ፊሸር ወደ ውጭ ይነቅላል። ለምሳሌ 8 ኪሎ የሚመዝን ቴሌቪዥን ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር በሚወጣ ተዘዋዋሪ ክንድ ላይ ቢሰቀል፣ የክንዱም ሰሌዳ በላይና በታች ፊሸሮች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢኖረው፣ ላይኞቹን ፊሸሮች ወደ ውጭ የሚስባቸው ኀይል 16 ኪሎ፣ ማለትም የቴሌቪዥኑ ክብደት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ቢሆኑ ለያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ይደርሳቸዋል፤ ቀድሞ ከተሰላው 5.7 ኪሎ ያልፋል። ያው ቴሌቪዥን ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚርቅ ጠፍጣፋ መስቀያ ላይ ቢሆን ግን ላይኞቹን በጠቅላላው የሚነቅላቸው ኀይል 2 ኪሎ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ አንድ፣ ፊሸሩም አንድ ሆኖ ሳለ የመስቀያው ክንድ ርዝመት ብቻ ልዩነቱን ያመጣዋል። ክንዱንና ፊሸሩን ባንድነት የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን ሒሳብ በቃሉ ቢይዘው አይከፋም።

እርጥበትም የጀሶ ጠላት ነው። ውሃ የጠጣ ጂፕሰም ቦርድ ጥንካሬውን አብዛኛውን ያጣል። በክረምት ጉም ቀኑን ሙሉ በማይገለጥበት በመንዝ ደጋ፣ በድንጋይ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተለጠፈ ቦርድ ከኋላው እርጥበት ሊስብ ይችላል፤ በሐምሌ የጸና መስሎ የታየው ፊሸር በነሐሴ ቢላላ ሊያስደንቅ አይገባም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ግድግዳው ጂፕሰም ቦርድ የሆነ እንደ ሆነ ነው። በደጋው ከተሞች ቦርዱ በቢሮዎች፣ በባንክ ቅርንጫፎችና በአዳዲስ ሱቆች የውስጥ ክፍልፋይ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ውጪ ያለው ገዢ የሚመጣው ከድንጋይ፣ ከጭቃ ወይም ከብሎኬት ቤት ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ከመነሣቱ በፊት የሚደረገው ንግግር እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል።

«አባባ፣ ፊሸሩን የሚያስገቡት ምን ዓይነት ግድግዳ ላይ ነው?»

«የድንጋይ ቤት ነው ልጄ፤ በውስጥ በጭቃ ተለስኗል።»

«የሚሰቅሉትስ ምንድን ነው?»

«ልጆቹ ከአዲስ አበባ የላኩልኝ ቴሌቪዥን ነው።»

«እንግዲያውስ ይኸኛው አይሆንዎትም፤ ጭቃው ውስጥ ይገባል እንጂ አይዝም።»

የመጨረሻው ቃል የነገሩ ዋና ነው። የጂፕሰም ፊሸር በጭቃ ልስን ላይ ሲተከል ያለ ችግር ይገባል፤ እንዲያውም ከጂፕሰም ይልቅ ይቀለዋል። ገዢውም በእጁ ጠበቅ ሲልበት ይሰማዋልና ያዘ ብሎ ያምናል። ሆኖም ጭቃ እንደ ወረቀት ለበስ ጀሶ የተያያዘ አይደለም፤ ደርቆ ሲሰነጠቅ ወይም በር በኀይል በተዘጋ ቍጥር ሲነዋወጥ ጥርሱ የያዘው ይፈረፈራል። ዕቃው ወዲያው አለመውደቁ ነው አታላይ የሚያደርገው፤ በሳምንቱ ወይም በወሩ ይወድቃል።

ለድንጋይ ግድግዳ የሚስማማው የናይሎን ፊሸር ነው፤ ነገር ግን መግባት ያለበት በድንጋዩ ውስጥ እንጂ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ባለው ጭቃ ውስጥ አይደለም። ልስኑ በቀስታ ተንኳኩቶ ወይም በቀጭን ሚስማር ተወግቶ ድንጋዩ ያለበት ይፈለጋል። የመንዝ ጥቁር ድንጋይ እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ እየመታ የሚዞር ትራፓኖና ጫፉ በጠንካራ ማዕድን የተለበጠ ፑንታ ያስፈልገዋል፤ በጀማ ሸለቆ የሚገኙት የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ግን ይቀላሉ። ለ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር የ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ እንጂ የ10 አይወሰድም። ከቀዳዳው ውስጥ ዱቄቱ ተነፍቶ መውጣት አለበት፤ ፊሸሩም ልስኑን አልፎ ሙሉ በሙሉ በድንጋዩ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቪቴው እንግዲህ የልስኑን ውፍረት ጨምሮ ረዘም ያለ መሆን ይኖርበታል። ትራፓኖ በሌለበት ስፍራ ብልህ አናጢ አንድ ሞራሌ በግድግዳው ላይ አጋድሞ በሁለት ወይም በሦስት ጽኑ ስፍራዎች ካሰረው በኋላ ዕቃውን ሁሉ በሞራሌው ላይ ይሰቅላል፤ ይህ ከብዙ ፊሸር ይሻላል።

የእንጨትና የጭቃ ቤት ያለው ደንበኛ ፊሸር ጭራሹን አያስፈልገውም። በጭቃው ውስጥ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር አለ፤ ግድግዳው በጣት ሲንኳኳ ድምፁ የሚለወጥበት ስፍራ ይታወቃል። ረጅም ቪቴ ጭቃውን አልፎ በቋሚው ውስጥ ከገባ ምንም መያዣ አይሻም። ባለሱቁ በዚያን ቀን ፊሸር አይሸጥም፤ ረጅም ቪቴ ግን ይሸጣል፤ ደንበኛውንም ያቆያል።

ብሎኬት ከሁሉ የተለየ ነው። ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ፑንታው ቀጭኑን የፊት ግድግዳ እንዳለፈ ወደ ባዶ ይገባል። ትራፓኖው እየመታ ከዞረ ያንን ቀጭን ግድግዳ ከኋላው ይሰብረዋልና መምቻው ተዘግቶ መበሳት አለበት። በባዶው ውስጥ ሲደርስ የሚቋጠር ረጅም ናይሎን ፊሸር፣ ወይም ከኋላ ክንፉን የሚዘረጋ ብሎን ለዚህ ይስማማል። ከባድ ዕቃ ሲሆን የአርማታውን ዓምድ ወይም ማሰሪያ ፈልጎ በዚያ መትከል ይበልጣል።

አስመጪው በዚህ ነገር ላይ የሚያስበው ከባለሱቁ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ካደረገ በኋላ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህን ያህል ዋጋ በተከፈለበት ምንዛሪ የሚመጣ የፊሸር ካርቶን በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚውል ሳይታሰብ ቢታዘዝ፣ ዕቃው በመርካቶ መጋዘን ይከርማል፤ ወይም ላልተሠራበት ግድግዳ ተሽጦ ስሙ ይጠፋል። ለደጋው ገበያ የሚላክ ጭነት አብዛኛው የ8 እና የ10 ሚሊ ሜትር የናይሎን ፊሸርና ረጅም ቪቴ፣ ጥቂቱ ብቻ የጂፕሰም ፊሸር ቢሆን ከግድግዳው ጋር ይስማማል። ለአዲስ አበባ ቢሮዎችና ፎቆች ግን ጂፕሰም ቦርድ በብዛት ስለሚገባባቸው ሚዛኑ ሌላ ነው።

በጉምሩክ በኩልም የሚታሰብ ነገር አለ። ከናይሎን የተሠራው ፊሸር ፕላስቲክ በሚመደብበት ምዕራፍ 39፣ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራው የጂፕሰም ፊሸር በምዕራፍ 79፣ የብረት ቪቴው ደግሞ በቍጥር 73.18 ይፈለጋል። ፊሸርና ቪቴ ባንድ ከረጢት ታሽገው ሲመጡ አመዳደቡ ስለሚያከራክር፣ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት የጉምሩክ አስተላላፊውን መጠየቅ ከኋላ ከሚመጣ መዘግየት ያድናል። ያለ ቪቴ የሚመጡትም ሌላ ጣጣ አላቸው፤ የቪቴው ውፍረት ከፊሸሩ ጋር ካልተስማማ ቀጭኑ ይላላል፤ ወፍራሙ ፊሸሩን ይሰነጥቀዋል። ናሙና ሲቀርብ የፕላስቲኩን ክንፍ በጣት ማጠፍ ጥሩ ፈተና ነው፤ ደኅናው ናይሎን ይታጠፋል፤ ከውዳቂ ፕላስቲክ የተሠራው ይሰበራል።

ከመርካቶ ወደ ደጋው የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ፣ ሁለተኛው በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል የጀማን ገደል ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ውጊያ ከተነሣ ወዲህ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ የታየ በመሆኑ፣ የማይሆን ዕቃ መልሶ ለመለወጥ መላክ ከዕቃው ዋጋ በላይ ያስወጣል። ፊሸር ራሱ ቀላል ነው፤ ቦርዱ ግን 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነው አንዱ ብቻ 25 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጠርዙም በቀላሉ ይሰበራል።

ስለ ጂፕሰም ከተነሣ ዘንድ፣ ድንጋዩ ራሱ ለዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑን መጨመር ይገባል። ጀማ በሚገባበት በዓባይ ሸለቆ፣ በጎሐ ጽዮን ስም የሚጠራ የጂፕሰም ንጣፍ እንዳለ የምድር ጥናት ሰዎች ያውቁታል። በመርሐ ቤቴ መንገድ ላይ በሚገኘው በለሚ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ታላቅ የሲሚንቶ ፋብሪካም ጂፕሰም ይሻል፤ ሲሚንቶ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚደረገው ጂፕሰም ተጨምሮበት በመፈጨቱ ነውና። ሲሚንቶ በቅርብ መገኘቱ በደጋው የብሎኬት ግድግዳ እንዲበዛ ሊያደርግ ይችላል፤ ያ የሆነ እንደ ሆነ ለክፍት ብሎኬት የሚሆነውን ፊሸር አስቀድሞ ያዘዘ ነጋዴ ይጠቀማል።

ባለሱቁ ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በቃል ሊያስረዳ አይችልም፤ ጊዜም አይበቃውም። ሆኖም በሱቁ ጥግ አንድ ብሎኬት፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ፣ በጭቃ የተለሰነ ሰሌዳና በሞራሌ ላይ የተመታ የጂፕሰም ቦርድ ቍራጭ ቢያስቀምጥ፣ በየአንዳንዳቸውም ላይ የሚስማማውን ፊሸር ተክሎ ቢያሳይ፣ በጭቃው ሰሌዳ ላይ ደግሞ የጂፕሰሙን ፊሸር ተክሎ ደንበኛው በገዛ እጁ ጐትቶ እንዲያወጣው ቢተውለት፣ ክርክሩ ከግማሽ በላይ በዚያው ያልቃል። ለዚህ የሚሆን የቦርድ ቍራጭ መግዛት አያስፈልግም፤ በዚያ መንገድ ከሚመጣ ጭነት ሁሉ ስባሪ አይታጣም።